ሽጉጥ የተባለው ቅል

አንጀቴ የተጠመዘዘው ችሎት ላይ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አሰላ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ከዳኛው ዝቅ ብላ በተቀመጠች ጠረጴዛ ላይ የአንድ ወሰን ክርክር ቃል እየጻፍኩ ሳለ፣ አንድ ሰው እምብርቴ ዙሪያ ልብስ አጥቦ የሚጨምቅ መሰለኝ። ሰበቡን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ባለፈው እሑድ በቆጂ ተዝካር ተጠርቼ ሄጄ፣ ለሟች ነፍስ ከመጸለይ ይልቅ ለጭኮው ስተጋ ነበር የዋልኩት። ጭኮ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ ታሽቶ ነው የሚሠራው። የመንገደኛ ስንቅ ስለሆነ ሰው በሦስት ጣት ቆንጥሮ ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። እኔ በሦስት ጣት አልቆነጠርኩም።

ሐኪሙ በኋላ «ጭኮው አይደለም፤ አንጀትህ ከተፈጥሮው ረዝሞ ነው የተጠመዘዘው» ብሎኛል። ይህን ያህል የተማረ ሰው ነጻ ሲያወጣኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሆዴን ከኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ እስከ ዛሬ ክሱን አላነሳሁለትም።

በሁለተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። የሥራ ባልደረቦቼ በካሚዮን፣ በስንዴ ጆንያ ላይ አስተኝተው ናዝሬት አወረዱኝ፤ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ አስገቡኝ። ከመንገዱ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሚዮኑ ሲሄድ ሹፌሩን ለምን ይሄዳል ብዬ በልቤ እሰድበው ነበር፤ ሲቆም ደግሞ ለምን ቆመ ብዬ እሰድበዋለሁ።

ስነቃ አንድ ፈረንጅ ሐኪምና የሚያስተረጉምለት ቁስል አጣቢ ድሬሰር አልጋዬ ጎን ቆመዋል።

«አንጀትህ ዞሮ ከፊሉ ሞቶ ነበር» አለኝ ድሬሰሩ። «የሞተውን ቆርጠው ጥለውታል። የተረፈውን ጫፍ በሆድህ በግራ በኩል ወደ ውጭ አውጥተውታል።»

«ወጥቶ ምን ይሠራል?»

«ቀድሞ የሚሠራውን።»

«የድሮው በርስ?»

«እሱ አርፏል በለው።»

ሐኪሙ የተባባልነው ሲተረጎምለት ሳቀና፣ ከዓመት በኋላ ብመለስ ምናልባት አንጀቴን እንደገና ወደ ውስጥ መልሶ ሊቀጥለው እንደሚችል ነገረኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ከዚያ ክፍል በሕይወት ለመውጣት ነው። ያ ጉዳይ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው፤ ሐኪሙ አርጅቶ አገሩ ገብቷል፣ እኔም በፍርሃቴ ጸንቻለሁ።

ነገርየዋ ከእምብርቴ በግራ፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ያለች፣ ቀይና እርጥብ፣ ትንሽ ጽጌረዳ የምታህል ናት። ስነካት አታመኝም። ጭንቁ ሕመሟ ሳይሆን ጠባይዋ ነው፤ እንደ ድሮው በር ቆይ አይሏትም። ፍርድ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና «ባለጉዳይ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ሳትጠራ ትመጣለች፣ ችሎት ተቀምጧል ቢሏት አትሰማም፣ ጉዳይዋን ሳታስፈጽም አትመለስም።

አሰላ ስመለስ ሐኪም ቤት የሰጡኝ ፋሻ በሳምንቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቁራጭ አቡጀዴ እያጠፍኩ ሆዴ ላይ መጠምጠም ያዝኩ። በጭላሎ ብርድ እርጥብ ጨርቅ ሆዱ ላይ አስሮ የዋለ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀኝ። ሽታው ደግሞ ነበር። ሰርግ ስጠራ አሞኛል እላለሁ፤ ለቅሶ መቅረት አይቻልምና በር ሥር እቀመጣለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር እቆም ነበር። የንስሐ አባቴ «ቁስለኛ ነህ፤ እዚያው ሆነህ ስማ፣ ቅዳሴው ይደርስሃል» ብለውኛል። ወንደላጤ ሆኜ በየማለዳው ያን ሁሉ ጨርቅ ሳሰጣ የሚያዩኝ የጎረቤት ሴቶች ግን በሹክሹክታ ልጅ ወልዶ ደብቋል ይሉኝ ነበር አሉ። ምነው ልጅ በሆነ።

ባለጉዳዬ ድምፅም አላት። አንድ ቀን ዳኛው ፍርድ ሊያነቡ ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ትንፋሹን በዋጠበት ሰዓት ረጅም ንግግር አደረገች። ዳኛው ተከሳሹን አዩት። ተከሳሹ ከሳሹን አየው። ከሳሹ የሚያየው ቢያጣ ጣራውን አየ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ። ጸሐፊ በመሆኔ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ዕለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ብዙ እንደማልቆይ ስረዳ፣ ገበያው ዳር ወደሚሠራ አንድ ኮርቻ ሠሪ ሄድኩ። ሽበታም የአርሲ ሰው ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያለ፣ እንደ መርፌ እየሳበ ነው የሚናገረው። እኔን «ኦቦ» ይለኛል፣ አቶ ማለቱ ነው። ሆዱ የተቀደደ ወንድም አለኝ፣ የሚደግፍለት የቆዳ ቀበቶ ይሠራልኝ አልኩት።

«ወንድምህ የት ነው ያለው?»

«በቆጂ።»

«ወገቡ ስንት ነው?»

«የኔን ያህል ነው።»

«ቀዳዳውስ? አሁን በእጅህ የያዝከው ቦታ ላይ ነው?»

እጄን አየሁት። እውነትም ይዣታለሁ።

«ኦቦ፣ ግባና በሩን ዝጋው» አለኝ።

ሸሚዜን ገለጥኩለት። ፊቱን ሳያጨማድድ፣ የፈረስ ጀርባ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ኮርቻ የላጠው ፈረስ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ ነገረኝ። ቁስሉን አይጫነውም፤ ዙሪያውን ነው የሚደግፈው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ትናንሽ ቅሎች አንዱን አወረደና በካራ ቂጡን ቆረጠው። «ጣሳ ይከብዳል፣ ይዝጋል። ቅል ይሻላል» አለ። የቅሉን ከንፈር በለስላሳ የበግ ቆዳ ለበጠ፣ ሁለት ጠፍር ሰፋበት፤ ጠፍሩ ኮርቻ ለማሰር በፈረስ ሆድ ሥር እንደሚዞረው ሆኖ ወገቤን ዞረኝ። እየታጠበ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንዳስር ሁለት ቅል ሠራልኝ።

ከዚያ ሱቅ ስወጣ የተራመድኩት መራመድ! ውስጡ ንጹሕ ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ ኮቴን እደርባለሁ፣ ደረቅ ሆኜ እውላለሁ፣ ሽታ የለም። ሰው ሆንኩ። ቅሏ ያላት እንከን አንድ ብቻ ነበር፤ በግራ ጎኔ፣ ከኮቴ ሥር፣ ጉብ ብላ ትታያለች።

በዚያ ዘመን አርሲ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በግራ ጎኑ ኮቱ ጉብ ካለ፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሞኝ የለም።

እኔ በመጀመሪያ አልገባኝም። የገባኝ አገረ ገዥው ፍርድ ቤታችንን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ነው። ሁላችንም ተሰልፈን እጅ ነሣን። ባልደረቦቼ ግንባራቸው ጉልበታቸውን እስኪነካ ጎነበሱ። እኔ ከጎነበስኩ ቅሏ ባለጉዳዬን ትጫናታለች፤ የሚከተለውን መገመት አያቅትም። ስለዚህ አንገቴን ብቻ ሰበር አድርጌ እንደ ምሰሶ ቀረሁ። አገረ ገዥው አለፉ። ልባቸው ላይ የሆነውን አላውቅም፤ ከተማው ግን ማታውኑ አወራ። «እንዲያ የቆመው የሚተማመንበት ነገር ቢኖረው ነው» ተባለ።

በማግሥቱ አለቃዬ ዋናው ጸሐፊ ጠሩኝ። ጺማም፣ ድምፃቸው ሦስት ክፍል አልፎ የሚሰማ፣ ልበ ቀና ሽማግሌ ናቸው። በራቸውን ዘግተው፣ እሳቸው ሹክሹክታ በሚሉት ድምፅ «ማነው የሰጠህ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ተው እንጂ ልጄ። ፈቃድ አለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም።» ጎኔን በአይናቸው ጠቆሙ።

ፈገግ አልኩ። ሽጉጥ ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ሕግ የቀመሰ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር፤ ወደድኩት። ትናንት «አንተ ጸሐፊ» እያለ መዝገቡን ካላወጣህልኝ ብሎ ጠረጴዛዬን ይደበድብ የነበረ ሁሉ «ጌታዬ» ይለኝ ጀመር። ጠጅ ቤት ስገባ አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅልኛል። አንዱ ሰካራም ሊገፋኝ እጁን አንሥቶ፣ ጎኔን አይቶ የራሱን ጆሮ አክኮበት ተመለሰ። ግራ ጎኔን ቀደም አድርጌ መራመድ ጀመርኩ። አንዲት ግማሽ ቅል ይዤ፣ ውስጧ ምን እንዳለ እያወቅኩ፣ እንደ ጦር አበጋዝ እንጎማለል ነበር።

ሁሩታ የምትባለውን ከተማ ያየሁት በእነዚያ ወራት ነው። የፍርድ ቤቱ ሰዎች ወሰን ለማየት ወርደን ሁለት ሳምንት ሰነበትን። እዚያ ከገበያው ፊት ለፊት አንድ የጨርቅ ሱቅ አለ፤ በረንዳው ላይ የባለሱቁ ልጅ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ትሰፋለች። ኮቴ በግራ በኩል እየጠበበኝ ስለነበር አውልቄ ካቦርቴን ደርቤ ሰጠኋት።

«በግራ በኩል ሦስት ጣት አስፊልኝ።»

«በቀኝስ?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

አቅንታ አየችኝ። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበርና አወጣቻት። «ሰው የሚወፍረው በሁለቱም ጎኑ ይመስለኝ ነበር» አለች።

እንደ ልማዴ ፈገግ አልኩ። አልሳቀችም። ኮቱን ተቀበለችኝ፤ ስመለስ ግን በሥርዓት ሰፍታ፣ ፊቷን ሳትፈታ ሰጠችኝ። እኔም ቁልፍ የረገፈበት ሸሚዝ ይዤ ሄድኩ። ቁልፉን የበጠስኩት እኔው ነኝ። ወደ አሰላ ከተመለስኩ በኋላም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በገበያ ቀን፣ ካሚዮን ተሳፍሬ እወርዳለሁ፤ ቁልፍ የረገፈበት ነገር አጥቼ አላውቅም። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። በረንዳው ላይ ቆሜ የችሎት ወሬ አወራላታለሁ፤ አባቷ ከውስጥ ሆነው ያስላሉ፤ እሷ መኪናውን እየረገጠች ትስቃለች። እየሳቀችም ጎኔን ታያለች።

አንድ ቀን መኪናውን አቁማ እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ጠላ ቤት ውስጥ በቀልድ የተጀመረ ነገር ወደ ጠብ ዞሮ አንዱ ሽጉጥ አውጥቶ ተኩሶ ገደለው። ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ጠመንጃ እንኳ ከቤት አውጥተዋል። ሽጉጥ የያዘ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ቢመጣ በረንዳው ላይ ነው የሚሸጡለት። አንተም እስካሁን ያልገባኸው ለዚህ ነው።»

ሦስት ወር ሙሉ ወደ ውስጥ ግባ ያልተባልኩት ፈርተው ስለሚያከብሩኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ሰው ላይ አልተኩስም» አልኳት። ሽጉጥ የለኝም ማለት ሲገባኝ።

«ያ የተኮሰውም እንዲሁ ሳይል አልቀረም» አለችና ቀና ሳትል መርገጧን ቀጠለች።

አሰላ እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ሽጉጥ የለኝም ካልኩ፣ ያ ምንድን ነው ትለኛለች። ቅል ነው ካልኩ፣ በቅሉ ውስጥስ ምን አለ ትለኛለች። ሽጉጥ ነው ብዬ ዝም ካልኩ ደግሞ አባቷ አይሰጡኝም። በሁለቱም መንገድ ላጣት ነው፤ ልዩነቱ በአንደኛው ተዋርጄ፣ በሁለተኛው ኮርቼ መሆኑ ብቻ ነው። እኔም እንደማንኛውም ፈሪ ሦስተኛ መንገድ መረጥኩ፤ ሽማግሌ ላክሁ። አባትየው የሽማግሌ አፍ አይጥሉ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አለቃዬን ዋናውን ጸሐፊና ኮርቻ ሠሪውን ላክኋቸው። ኮርቻ ሠሪው ምስጢሬን ያውቃል፤ አለቃዬ አያውቁም። ስለ ወንድምየው ሞት ልነግራቸው ሲገባኝ፣ ከነገርኩ ስለ ሽጉጡ ይጠይቁኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ሲመለሱ አለቃዬ ገና ከካሚዮኑ ሳይወርዱ እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር። የሆነውን የነገረኝ ኮርቻ ሠሪው ነው።

«መልካም ተጀመረ» አለኝ። «ቆመን ነገሩን አቀረብን። አባትየው ቁጭ በሉ አሉን። ልጃችሁ ምን ሙያ አለው ብለው ጠየቁ። እኔ አፌን ስከፍት ይኸ ጺማሙ ቀደመኝ። የመንግሥት ሰው ነው፣ ፊደል የቆጠረ ነው አለ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ የታጠቀ ነው፣ ማንም የማይደፍረው ነው፣ አገረ ገዥ ፊት እንኳ ያልጎነበሰ ነው አለ።»

«አቤት።»

«አቤት በል። አባትየው ተነሡ። ሴት ልጄን ለሽጉጥ አልድርም፤ ልጁ ከፈለገ ራሱ ይምጣ፣ መሣሪያውን እፊቴ አውጥቶ ያስቀምጥ፣ ሁለተኛ አልይዝም ብሎ ይማል፤ ያን ጊዜ እንነጋገር አሉ።»

ሁለታችንም ኮርቻዎቹ መሐል ተቀመጥን። በመጨረሻ የጠቢብ ሐሳብ መጣልኝ።

«የአንድ ሰው ሽጉጥ ተውሼ ባስቀምጥላቸውስ?»

ኮርቻ ሠሪው ቆዳ እየፋቀ አሰበበት። «ጥሩ ነው። ታስቀምጣለህ፣ ትምላለህ። ከዚያ ስትነሣ ጎንህ እንዳበጠ ነው። ሁለት ሽጉጥ ነበረው ይሉሃል።»

ግራ ጎኔን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ኦቦ፣ ፈረስ ቁስሉን ከኔ አይደብቅም» አለኝ። «ለዚህ ነው የሚድነው።»

በሚቀጥለው ገበያ ብቻችንን፣ እኔና እሱ፣ ሁሩታ ወረድን። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ባለጉዳዬ እንኳ ያን ዕለት እንድታርፍልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ግባ ተባልኩ። ሱቁ ከኋላው ካለው ቤት ጋር የሚለየው በመጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ሥር የሴት ጫማ ይታየኛል። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የደረቡ ሰው ናቸው። ከፊታቸው አንድ ትንሽ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ባዶ ነው።

«አስቀምጠው» አሉኝ ጠረጴዛውን እያሳዩ።

«ጋሼ፣ ሊቀመጥ የሚችል አይደለም።»

«ይኸው» አሉ ለኮርቻ ሠሪው። «አላልኩህም?»

«ሽጉጥ አይደለም» አልኩ። ስንት ሰው ፊት ቃል ያነበብኩ ሰው፣ የኮቴን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ በውሸት የበጠስኳቸው ቁልፎች ያን ዕለት አልፈታ ብለው ተበቀሉኝ። በመጨረሻ ኮቴን ከፈትኩ፤ ሸሚዜንም ገለጥኩ።

ብድግ አሉ። ጠፍሩን አዩ፣ ቅሏን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

ነገርኳቸው። ስለ አንጀቴ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ከሆዴ ስለወጣው ጫፍ፣ ቅሏ ምን እንደምትይዝ። እንደ ፍርድ ግልባጭ በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩት። መጋረጃው ሥር ያለው ጫማ አልተነቃነቀም። ስጨርስ አባቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምግቡ በዚያ ይወጣል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ደምም ሆድ ውስጥ አይቀርም? አይመርዝም?»

«የተበላሸውን ቆርጠው ነው የሚያወጡት። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኮርቻ ሠሪው ዞረው፣ «ወንድሜን ጥይቷ ያገኘችው ሆዱን ነው» አሉ። «ሦስት ቀን ቆየ። አፉ ይናገር ነበር። አንጀቱ እንደተበሳ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚጠግነው ሰው ግን የለም። ቅቤ አጠጣነው።» በመዳፋቸው ጉልበታቸውን አሹ። «እንዲህ ተደርጎ ይኖራል የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

ኮርቻ ሠሪው «አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔ አልነበረም።»

«ሸሚዝህን መልስ፣ ብርድ ይመታሃል» አሉኝ። «እኔ የምጠይቅህ የለኝም። የቀረው የሷ ነው።»

መጋረጃው ተገለጠ። ቅሏን አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። የሚያዝን ፊት ጠብቄ ነበር፤ የጠበቀኝ ቁጣ ነው።

«ነፍሰ ገዳይ ከመባልና ታማሚ ከመባል የቱ ያሳፍራል?»

«አፍሬ ነው።»

«አፍረህ ነው። እኔ ሦስት ወር፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል ወይ ይገድሉታል እያልኩ ስፈራ፣ አንተ ታፍራለህ።» ወደ ውስጥ ተመለሰች። መኪናው ያን ቀን ድምፅ አላሰማም።

አሰላ ገባን። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። ያን ጊዜ የጻፍኳቸው መዝገቦች ዛሬም ካሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ኮርቻ ሠሪው ጋ ማልጄ እሄዳለሁ፤ «መጣ ወሬ?» ስለው «ፈረስ ሲጠማው ራሱ ይመጣል» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ችሎቱ ለምሳ ሲነሣ፣ ከፍርድ ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ሴቶች ቆመው አየሁ። አንዷ እሷ ናት። ሌላዋ አክስቷ ናቸው፤ ጨርቅ ልንመርጥ መጣን ብለው፣ ከእኛ ፈንጠር ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡን።

«ሦስት ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ጠይቂኝ።»

«ያምሃል?»

«አያምም። ጠፍሩ ሲላላ ያሳክካል።»

ሁለተኛውን ስትጠይቅ ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ነበር የምታየው። «ልጅ መውለድ ይከለክላል?»

እኔም የምታየውን ጫፍ አየሁ። «ሐኪሙ አይከለክልም ብሏል። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።»

«ሌላ የደበቅኸኝ ነገር አለ?»

ይኼኛው ከበደኝ። ብዙ አሰብኩ። ሁሩታ ለመውረድ ብዬ የበጠስኳቸውን ቁልፎች አሰብኩ፤ ይህ ግን ቀላሉ ነው። «አለ» አልኩ። «ሽጉጥ አለው መባሉን ወድጄው ነበር። ሰው ሲፈራኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህም ሆኜ ኩራቱ ገና አለቀቀኝም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ስትራመድ ያስታውቅ ነበር።» ከዚያም በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ የእኔን አካሄድ እዚያው ሁለት እርምጃ አሳየችኝ፤ ግራ ጎኗን ቀደም አድርጋ፣ ደረቷን ነፍታ። እኔ ራሴን ከውጭ አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝና ደነገጥኩ። አክስቷ ዞረው «ምን እየሆናችሁ ነው?» እስኪሉን ድረስ ሳቅን። ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሆዴን ይዤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባለጉዳዬም አብራን ሳቀች፣ እሷም ሰማች፣ ምንም አላለችም።

ስትሄድ «ሽማግሌዎችህን እንደገና ላክ» አለችኝ። «ያንን ጺማሙን ግን ተወው።»

እንዴት አድርጌ ልተዋቸው? አለቃዬ ናቸው። ጭራሽ ነገሩ የተበላሸው በእሳቸው መሆኑን ሰምተው ስለነበር፣ እኔ ያበላሸሁትን እኔው ካልጠገንኩ ብለው ከሁሉ በፊት ካሚዮኑ ላይ ወጥተው ጠበቁን። ምስጢሩን እንዳልነግራቸው ድምፃቸው ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። ስለዚህ ኮርቻ ሠሪው መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፤ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ጀግንነት፣ ስለ አገረ ገዥው አንድም ቃል እንዳይወጣቸው። እሺ አሉ፤ ማሉም።

እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቆመው ነገሩን አቀረቡ፤ ቁጭ በሉ ተባሉ። አባቷ ለሥርዓቱ ያህል፣ «ስለ ልጃችሁ የምትሉት አለ?» አሉ።

አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተከለከሉትን ሁሉ በልባቸው እየዘለሉ፣ የማይነቀፍ ምስጋና ሲፈልጉ ጥቂት ቆዩ። አገኙት።

«ጤናው!» አሉ ድምፃቸው ገበያው ድረስ እየተሰማ። «ጤናው እንደ ብረት ነው። ሆዱን እንኳ አሞት አያውቅም።»

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ ሲያስል ይሰማኛል። ኮርቻ ሠሪው ምን እንዳደረገ አላየሁም። የአባቷን ድምፅ ግን ሰማሁት፤ እንደ ፍርድ ቃል ረጋ ያለ ነው።

«ሰምተናል» አሉ። «እኛም ይህንኑ ነው ያረጋገጥነው። ሰጥተናል።»